በይፋትና በአገራችን ስላለው የሃይማኖት አሰፋፈር አጭር ታሪክ



ባለፈው ስብሰባችን አንድ አባል «ሃይማኖት የለኝም የሚል ሰው ቢሞት የት ነው የምንቀብረው?» ብለው ቢጠይቁ ሳቅ ተነሣ እንጂ መልስ አልተገኘም። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልመሰለንም።

በአካባቢያችን «ደገኛው ክርስቲያን፣ ቆለኛው ሙስሊም» ሲባል ይሰማል። ፈጽሞ ስሕተት አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከጣርማበር ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል 1,300 ሜትር ግድም ወደምትገኘው ሸዋ ሮቢት ሲወረድ መስጊዱ እየበዛ ይሄዳል፤ ወደ ምሥራቅ ከተዘለቀም የአፋር አገር ነው። ይሁን እንጂ ይህን አሰፋፈር የሠራው ሙቀቱና ብርዱ ሳይሆን ታሪክ ነው።

ይፋት በጥንት ጊዜ የሙስሊም መንግሥት ስም ነበር። የወላስማ ቤተ ሰብ በ1277 ዓ.ም. ግድም የሸዋን ሱልጣኖች አስወግዶ ሥልጣን ያዘ። ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የንግድ መንገድ በእጁ ስለነበር ከክርስቲያኑ መንግሥት ጋር አንዴ ሲገብር፣ አንዴ ሲዋጋ ቆየ። ዓፄ ዓምደ ጽዮን በ1324 ዓ.ም. ግድም ሰብረዲንን ድል አደረጉ፤ በ1400 ዓ.ም. ግድም ደግሞ ሳዕደዲን ዘይላ ላይ ከተገደለ በኋላ ቤተ ሰቡ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዳል ዞረ። ሕዝቡ ግን ወዴት ይሂድ? እዚሁ ቀረ።

ከሁሉ የሚገርመን ይህ ነው፦ ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1805–1840 ዓ.ም.) አንኮበር ሆነው ሲገዙ፣ ይፋትን የሚያስተዳድርላቸው ሹም ሙስሊም ነበር፤ ያውም «ወላስማ» መሐመድ ይባል ነበር! በአልዩ አምባ ገበያም ንግዱ በአብዛኛው በሙስሊሞች እጅ ነበር። ንጉሡ ከባሕር የሚመጣውን ዕቃ ይፈልጋሉ፣ ነጋዴው የመንገድ ሰላም ይፈልጋል። ነገሩ ከፍቅር ብቻ የመጣ ነው ብለን ራሳችንን አናሞኝ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዓፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ባዘዙ ጊዜ፣ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረውና የተሰደደው ብዙ ነው። የሙስሊም በዓላት በመንግሥት ደረጃ መከበር የጀመሩትም ሚያዝያ 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታላቅ ሰልፍ ከተደረገና ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 43.5 ከመቶ ኦርቶዶክስ፣ 33.9 ከመቶ ሙስሊም፣ 18.6 ከመቶ ፕሮቴስታንት ሆኖ ተገኘ። ክልል ከክልል ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ ትግራይ 95.6 ከመቶ ኦርቶዶክስ፣ አፋር 95.3 ከመቶ ሙስሊም፣ ጋምቤላ 70.1 ከመቶ ፕሮቴስታንት ነበር። አማራ ክልል 82.5 ከመቶ ኦርቶዶክስ፣ 17.2 ከመቶ ሙስሊም ነው ተባለ። የይፋት ቆላ ሰው ይህን ቁጥር ይዞ ጎረቤቱን ልቁጠር ቢል አይገጥምለትም።

እምነት የለሹስ? በቆጠራው ሠንጠረዥ ለብቻው ስፍራ የለውም፤ «ሌላ» በሚለው 0.6 ከመቶ ውስጥ ቢኖር እንኳ ተለይቶ አይታይም። በደርግ ዘመን የማርክስና የሌኒን ትምህርት በየቀበሌው ሲሰጥ ስንት ካድሬ ሃይማኖት የለኝም ይል ነበር፤ እናቱ ስትሞት ግን ፍታት አላስቀረም። ያው ትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ብዙውን ሰው ከቤተ ክርስቲያን አስወጥቷል፤ ጎረቤቷ ፖላንድ ግን ካቶሊክ እንደሆነች ቀረች። ስለዚህ አንድ ዓይነት አዋጅ በየአገሩ አንድ ዓይነት ሰው አያወጣም።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። የመቃብር ቦታው የቤተ ክርስቲያን ወይም የሙስሊሙ ነው። ፕሮቴስታንቶች በብዙ ከተሞች የቀብር ቦታ አጥተው ለረዥም ጊዜ ተቸግረዋል። እኛም ወርኀዊ መዋጮ ስንቀበል ሃይማኖት አንጠይቅም፤ ሬሳ ሲወጣ ግን ይጠየቃል። መዋጮውን ሳያጓድል የከፈለ አባል ሃይማኖት የለኝም ብሎ ቢሞት፣ ድንኳኑንና ገንዘቡን ለቤተ ሰቡ እንሰጣለን፤ ሬሳውን ወዴት እንደምንወስድ ግን ደንባችን አይናገርም። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ሆኖ እንዲያዝልን እንጠይቃለን።