እግረኛና ከተማ በምዕራብ ጎጃም
ከሲራራ ነጋዴዎች መንገድ እስከ ባሕር ዳር ጎዳናዎች

ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው ዋና ጎዳና ላይ የምትገኘው ጅጋ፣ እንደ ብዙዎቹ የምዕራብ ጎጃም ከተሞች፣ ጎዳናውን ተከትላ ወደ ርዝመት ያደገች ከተማ ናት። ሱቁም ምግብ ቤቱም ፊቱን ወደ አስፋልቱ መልሶ ተሰልፏል። ይህን የሚመለከት ሰው፣ መኪና ባይመጣ ኖሮ እንዲህ ያለው ከተማ ከቶ ባልተፈጠረ ነበር ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ፍርዱ ግን እኩሌታው ብቻ እውነት ነው። በዚህ አገር ከመኪናው አስቀድሞ ይመላለስ የነበረው እግረኛ ነው፤ ዛሬም በቍጥር የሚበልጠው እርሱ ነው። በከተማ አሠራር ታሪክ ውስጥ ግን ስሙ እምብዛም አይነሣም።

ጎጃም በዓባይ ወንዝ ከሦስት አቅጣጫ የተከበበ አገር ስለ ሆነ፣ ንግዱ በመልካዎች ላይ የተመሠረተ ነበር። በዐሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት ከሁሉ የታወቀው ገበያ በየጁቤ አጠገብ የሚቆመው የባሶ ገበያ ሲሆን፣ በ1830ዎቹ ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በዚያ ተቀምጦ ስለ ንግዱ ጽፏል። ከዓባይ ማዶ ቡናው፣ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ፣ በዚያም ዘመን ነውር ያልተባለው የባሪያ ንግድ ሳይቀር፣ ወደዚህ ይመጣ ነበር፤ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ይወርዳል። ቡሬም በምዕራብ በኩል እንዲሁ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ነጋዴ የሚያርፍበት ቦታ ነበረች። ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን በበቅሎና በአህያ ቢያስጭንም፣ አብዛኛው ተከታይ ከእንስሳቱ ኋላ በእግሩ ይሄድ ነበር። ስለዚህ የማደሪያውን ርቀት የወሰነው የሰው እግርና የጭነት እንስሳ ጕልበት ነው። ባላገሩም እስከ ዛሬ ድረስ ርቀትን በኪሎ ሜትር ሳይሆን «የግማሽ ቀን መንገድ»፣ «የአንድ ቀን መንገድ» እያለ መለካቱን ጨርሶ አልተወም። ቋንቋችን «እግረ መንገዴን» የሚለው፣ አንዱን ጕዳይ ለመፈጸም የሚሄድ ሰው ሌላውንም እንደሚያከናውን ለመግለጽ ነው፤ ይህም በተሽከርካሪ ለሚሮጥ መንገደኛ እምብዛም የማይስማማ አነጋገር ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የጀመሩት ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ መካከል በምትገኘው ማንኵሳ ነው። ሰብለ ወንጌልም ከቤቷ ጠፍታ፣ መነኵሴ መስላ የምትጓዘው በእግሯ ነው። ለዚያ ዘመን አንባቢ ይህ የሚያስደንቅ ነገር አልነበረም።

ከተማ የሚለው ቃል ራሱ አስቀድሞ የሠራዊት ሰፈርን ያመለክት እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በሰፈሩ ውስጥ የንጉሡ ድንኳን በመካከል ይተከላል፤ መኳንንቱም እያንዳንዱ በማዕርጉ ቦታውን ይይዛል። አዲስ አበባም በመጀመሪያ ሰፈር ሰፈር ሆና የተመሠረተች ከተማ በመሆኗ፣ በሰፈሮቹ መካከል ያለውን ቦታ ያገናኘው የእግርና የበቅሎ መንገድ ነው። ኋላ ጥርጊያ ጎዳና ሲወጣ፣ ብዙ ጊዜ እግረኛ የረገጠውን መስመር ተከተለ። በጎጃም ገጠርም ነገሩ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

መኪና በጎጃም ሥር የሰደደው ከጣሊያን ወረራ ጀምሮ ነው። ወራሪው ጦሩንና ስንቁን ለማመላለስ በየጠቅላይ ግዛቱ መንገድ አስጠረገ። ይሁን እንጂ በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ድንበር ተነሥተው በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ሲገቡ፣ አብሯቸው የነበረው የጌዴዎን ጦር ዕቃውን በግመል አስጭኖ፣ ወታደሩም ይልቁን በእግሩ ነበር የተጓዘው፤ ጣሊያን በመኪና መንገዱ ላይ የሠራቸውን ምሽጎች ቡሬንና ደምበጫን ያስለቀቀውም ይኸው በእግር የሚሄድ ጦር ነው። ከነፃነት በኋላ ግን አሸናፊ የሆነው መኪናው ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ዋናው ጎዳናም የከተሞቹን መልክ ይወስን ጀመር። ነጋዴው ከገበያው አጠገብ ይልቅ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ቤት መሥራትን መረጠ። እግረኛው ገበያውን አልተወም፤ ሆኖም ወደ ገበያው ለመድረስ አሁን ጎዳናውን ማቋረጥ ግድ ሆነበት።

በዚያው ዘመን የከተማ ፕላን ጥበብ በአዲስ አበባ ሥራውን ጀምሮ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ያዘጋጁት ፕላን በቀለበትና ከመካከል ወደ ዳር በሚወጡ ጎዳናዎች ላይ የቆመ ነው። በፕላኑ ስለ መኖሪያ ሰፈር አከፋፈል ብዙ ታስቧል። ጎዳናው ግን በዋናው የተሽከርካሪ ነው፤ እግረኛው የተረፈው ዳርቻ ደረሰው።

ከዚህ ሁሉ ለየት ያለ ታሪክ ያላት ባሕር ዳር ናት። ከተማይቱ በ1950ዎቹ በፍጥነት አደገች። በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘው የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ተቋም ተከፈተ። ጀርመናዊው የከተማ ፕላን ሊቅ ማክስ ጉተርም በዚያው ዐሥር ዓመት ለከተማይቱ ፕላን አወጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ዳርን ዋና ከተማ ለማድረግ ያስቡ እንደ ነበር ሲነገር ኖሯል፤ የጎዳናዎቹ ስፋትም ለዚያን ጊዜዋ አነስተኛ ከተማ እጅግ የበዛ ይመስል ነበር። ዘንባባ በግራና በቀኝ ተተከለባቸው።

እነዚህን ሰፋፊ ጎዳናዎች የሞላው ግን የተጠበቀው መኪና አልነበረም። የፋብሪካው ሠራተኛ፣ ተማሪውና የመንግሥት ጸሐፊው ቢስክሌት ያዘ። ምክንያቱ ሲመረመር ሦስት ነገር ይገኛል። መሬቱ የሐይቅ ዳር ሜዳ ስለ ሆነ ፔዳል የሚረግጠውን አያደክምም፤ ሥራው ቦታ ከመኖሪያው ለእግር ይርቃል፣ ለቢስክሌት ግን ቅርብ ነው፤ ጎዳናው ሰፊና መኪናው ጥቂት ስለ ነበረ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። ከሦስቱ የመጀመሪያው የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ሁለቱ ግን የፕላን ውጤቶች ናቸው፤ ምንም እንኳ ፕላኑን ያወጡት ሰዎች ቢስክሌትን ዋና ዓላማቸው አድርገው ነበር ለማለት ባይቻልም። ሴቶች በቢስክሌት ሲሄዱ ማየት በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ብርቅ በነበረበት ዘመን በባሕር ዳር የተለመደ ሆነ። ይህ ለኅብረተሰብ ጥናት ተማሪ ከጎዳናው ስፋት የበለጠ ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው፤ ልማድ የሚለወጠው በስብከት ብቻ ሳይሆን በሜዳና በስፋትም ጭምር መሆኑን ያሳያልና።

ጊዜውን ከአውሮፓ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። የኮፐንሃገን ሰዎች ስትሮየት የተባለውን የገበያ ጎዳናቸውን ከመኪና ለይተው ለእግረኛ የሰጡት በ1955 ዓ.ም. ነው፤ ይህም የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የተከፈተበት ዓመት ነው። ኔዘርላንዶችም በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ በመኪና የሚሞቱት ሕፃናት ብዛት ሕዝቡን ካስቈጣ በኋላ፣ ለቢስክሌት የተለየ መንገድ ወደ መሥራት ተመለሱ። እነዚያ አገሮች አንድ ጊዜ ለመኪና የሰጡትን ቦታ በትግል መልሰው ወሰዱ። ባሕር ዳር ግን ቦታውን ገና አላጣችም ነበር።

ኋላ ግን ማጣት ጀመረች። ባጃጅ በብዛት ሲገባ ጋሪውንም ቢስክሌቱንም ከጎዳናው መካከል ገፋቸው። ስለ እግረኛ በይፋ መነገር የጀመረው በዚህ ወቅት ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ጎዳናዎች ለተወሰነ ሰዓት ከመኪና ነፃ ሆኑ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የዐሥር ዓመት ስልት አወጣ። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር መሆኑና በመንገድ አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው ሲታሰብ፣ ስልቱ ፈጥኖ መጣ ለማለት ያስቸግራል። በ2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ለእግረኛና ለቢስክሌት የተለየ መስመር ተሠርቶለታል። በ1950ዎቹ በአጋጣሚ የተገኘው ነገር እዚህ ላይ ታስቦበት ተሠራ።

ወደ ጅጋና ወደ ጎረቤቶቿ ሲመለሱ ግን ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። እነዚህ ከተሞች ገና በማደግ ላይ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በ1950ዎቹ ፋብሪካው ለባሕር ዳር እንዳደረገው ሁሉ፣ ሠራተኛውን ከመኖሪያው አርቆ የሚያውል ነው። የፓርኩ ሠራተኛ በእግሩ፣ በቢስክሌት ወይስ በባጃጅ እንደሚሄድ የሚወስነው በአመዛኙ ዛሬ የሚለካው የመንገድ ስፋት ነው። በጅጋም ቤቶቹ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ በተጠጉ መጠን ለእግረኛ የሚተርፈው ቦታ ይጠባል፤ ቤት አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ቦታውን ማስለቀቅ ካሣና ክርክር ያመጣል። በገበያ ቀን ከየቀበሌው የሚመጡት የእግር መንገዶች፣ እህል የተሸከመችውን ሴትና አህያ የሚነዳውን ገበሬ ይዘው እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ገበሬው የአህያውን ጆሮ ይዞ የጭነት መኪናው እስኪያልፍ ይቆማል።