ከርነል የት ይገነባል? የግንባታ መሣሪያዎችን በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ የማሠራት ፈተና

በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ የማስተካከያ ገጹን ከፍቶ “ስለ ስልኩ” ወደሚለው ክፍል የገባ ሰው፣ “የከርነል ስሪት” ከሚል ርዕስ ሥር ረጅም ቁጥርና ቀን ሰፍሮ ያገኛል። ቀኑ ስልኩ የተሸጠበት ቀን አይደለም። የስልኩ ከርነል፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ የተገነባበት ነው።

ከርነል ሚሞሪን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍል፣ የፕሮሰሰሩን ጊዜ በተራ የሚያድል፣ ከስክሪን፣ ከካሜራና ከኔትወርክ ጋር የሚነጋገር ሶፍትዌር ነው። እርሱ ከሌለ ሌላው ሁሉ አይንቀሳቀስም። የደኅንነት ክፍተት ሲገኝበትም በአብዛኛው የሚስተካከለው ምንጭ ኮዱ ታርሞ እንደገና ሲገነባ ነው።

ስለዚህ “ከርነሉን ማን፣ በየትኛው ማሽን ላይ መገንባት ይችላል?” የሚለው ጥያቄ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አንድ መሣሪያ አምራቹ ድጋፉን ካቆመ በኋላ አገልግሎት መስጠቱን ይቀጥል እንደሆነና በውስጡ ያለው ሶፍትዌር እምነት ይጣልበት እንደሆነ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ነው።

ሁለት ዓይነት ፕሮግራሞች

ከርነል በአብዛኛው የሚጻፈው ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ኮምፓይለር የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ሰው የጻፈውን ኮድ ፕሮሰሰሩ ወደሚረዳው የማሽን ቋንቋ ይለውጠዋል። ግንባታው የሚካሄድበት ኮምፒውተር አስተናጋጅ፣ የተገነባው ከርነል የሚሠራበት ደግሞ ዒላማ ይባላል። ሁለቱ የተለያዩ ሲሆኑ ሥራው ተሻጋሪ ግንባታ ይሆናል። የስልክ ከርነል በትልቅ ሰርቨር ላይ ሲገነባ እንደማለት ነው።

በዚህ ሂደት ከርነሉ ብቻ አይደለም የሚዘጋጀው። ረዳት ፕሮግራሞችም አብረው ይገነባሉ። አንዳንዶቹ የገንቢውን ምርጫ ይመዘግባሉ፤ አንዳንዶቹ የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደሚመሠረት ይከታተላሉ፤ ሌሎቹ የከርነሉን ሞጁሎች ይመረምራሉ። እነዚህ ረዳቶች የሚሠሩት በዒላማው ላይ ሳይሆን በአስተናጋጁ ላይ ነው። ሕንፃ ሲሠራ በዙሪያው እንደሚቆመው የባሕር ዛፍ መወጣጫ ናቸው። ሥራው ሲያልቅ ይነሣሉ፤ ያለ እነርሱ ግን ግድግዳው አይቆምም።

ችግሩ የሚጀምረውም ከእነዚህ ረዳቶች ነው። ኮምፓይለሩ ለየትኛውም ዒላማ ኮድ ማዘጋጀት ቢችል እንኳ፣ ረዳቶቹ በአስተናጋጁ ላይ ካልሠሩ ግንባታው መንገድ ላይ ይቆማል።

ከወረቀት ጥብጣብ እስከ ሚኒክስ

አንድን ስርዓት በሌላ ስርዓት ላይ መገንባት አዲስ ነገር አይደለም። ኬን ቶምፕሰን እ.አ.አ. በ1969 በቤል ላብስ የመጀመሪያውን ዩኒክስ ሲጽፍ ፒዲፒ-7 የተባለው ኮምፒውተሩ የራሱን ሶፍትዌር ለማዘጋጀት ገና አልበቃም ነበር። ቶምፕሰን ፕሮግራሙን ጂኮስ በተባለ ሌላ ስርዓት ላይ ካዘጋጀ በኋላ ውጤቱን በወረቀት ጥብጣብ ላይ አትሞ ወደ ፒዲፒ-7 ይወስደው ነበር። በኋላ አዲሱ ስርዓት የራሱ መሣሪያዎች ሲኖሩት ራሱን ቻለ።

በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስም የመጀመሪያውን ሊኑክስ ያዘጋጀው ሚኒክስ በተባለ ሌላ ስርዓት ላይ ሆኖ ነው። ያ ስሪት 10 ሺህ መስመር ገደማ ኮድ ነበረው። የዛሬው ሊኑክስ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ነው።

ሊኑክስ ራሱን ከቻለ በኋላ ግን ገንቢዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም በሊኑክስ ላይ መሥራት ጀመሩ። በራሳቸው ማሽን ላይ የሚገኘው ነገር በሁሉም ዘንድ እንዳለ የመቁጠር ልማድ በግንባታ መሣሪያዎቹ ውስጥ ሰርጎ የገባውም እንዲህ ነው።

እንቅፋቶቹ ምንድን ናቸው?

የአፕልን ማክ ኮምፒውተር እንደ አስተናጋጅ ብንወስድ እንቅፋቶቹ በግልጽ ይታያሉ።

የመጀመሪያው የፋይል ስም ነው። በሊኑክስ ምንጭ ኮድ ውስጥ፣ በኔትወርክ ማጣሪያው ክፍል፣ በላቲን ትልልቅና ትንንሽ ፊደላት ብቻ የሚለያዩ የፋይል ስሞች አሉ። የማክ የፋይል ስርዓት እንደተለመደው አሠራሩ ሁለቱን እንደ አንድ ስም ስለሚቆጥር አንዱ ፋይል ሌላውን ይተካዋል። ኮዱ ገና ሲወርድ ጉድለት ይፈጠራል ማለት ነው። ገንቢው ፊደላቱን የሚለይ የተለየ የዲስክ ክፍል ማዘጋጀት ይኖርበታል።

ሁለተኛው የትእዛዛት ልዩነት ነው። ሴድ የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ትእዛዝ በሊኑክስም በማክም አለ። ነገር ግን ፋይልን በቦታው እንዲያርም ሲታዘዝ የማኩ ለመጠባበቂያ ቅጂው ቅጥያ እንዲሰጠው የግድ ይጠይቃል፤ የሊኑክሱ አይጠይቅም። ለአንዱ የተጻፈው መስመር በሌላው ላይ ይሰናከላል።

ሦስተኛው የስሪት ጉዳይ ነው። ግንባታውን የሚመራው ሜክ የተባለው ፕሮግራም ከአፕል መሣሪያዎች ጋር የሚመጣው በ2006 በወጣው 3.81 ስሪት ነው። የቅርብ ጊዜ የሊኑክስ ስሪቶች ከዚያ የላቀ ይፈልጋሉ።

አራተኛው የጎደሉ ፋይሎች ናቸው። የሊኑክስ ፕሮግራሞች ቅርጽ የሚተነተንበት ኢኤልኤፍ የተባለው የራስጌ ፋይል በሊኑክስ ላይ ከስርዓቱ ጋር ይገኛል። ማክ ለፕሮግራሞቹ የሚጠቀመው ሌላ ቅርጽ በመሆኑ ፋይሉ የለውም። ስለዚህ ይህንን ፋይል የሚጠሩ ረዳት ፕሮግራሞች አይገነቡም።

አምስተኛው ዝም ብሎ የሚያሳስት በመሆኑ ከሁሉም የከፋ ነው። አንዳንድ ፕሮሰሰሮች የአንድን ቁጥር ባይቶች ከትንሹ ጀምረው ሲያስቀምጡ ሌሎቹ ከትልቁ ይጀምራሉ። አንድ ረዳት ፕሮግራም ቁጥሮችን በአስተናጋጁ ቅደም ተከተል ከጻፈ፣ ዒላማው የተገላቢጦሽ ሊያነባቸው ይችላል። ግንባታው ያለ ስሕተት መልእክት ይጠናቀቃል፤ ከርነሉ ግን አይነሣም።

የኔትቢኤስዲ መልስ

ለዚህ ችግር ቀድሞ የተሟላ መልስ ካቀረቡት መካከል ኔትቢኤስዲ የተባለው ስርዓተ ክወና ይገኝበታል። ኔትቢኤስዲ እጅግ በርካታ የኮምፒውተር ዓይነቶችን በመደገፍ ይታወቃል። እንደ ቫክስ ባሉ ዘገምተኛ ማሽኖች ላይ ሙሉውን ስርዓት መገንባት ግን ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ነበር።

በ2002 ከወጣው 1.6 ስሪት ጋር “ቢልድ ዶት ኤስኤች” የተባለ የግንባታ ስክሪፕት ለተጠቃሚዎች ቀረበ። አሠራሩን ሉክ ሚውበርን እና ማቲው ግሪን በ2003 ባቀረቡት ጽሑፍ አብራርተውታል።

መርሁ ቀላል ነው፦ ከአስተናጋጁ የሚጠበቀው ነገር እጅግ ጥቂት ይሁን። ስክሪፕቱ መሠረታዊ የትእዛዝ ቋንቋና አንድ ኮምፓይለር ካገኘ ይበቃዋል። በመጀመሪያ የራሱን ሜክ ይገነባል። ቀጥሎ ተሻጋሪ ኮምፓይለሩንና ሌሎቹን መሣሪያዎች ከዚያው ምንጭ ኮድ አዘጋጅቶ ለብቻቸው በተለየ ማኅደር ያስቀምጣቸዋል። አስተናጋጁ የጎደለው ተግባር ካለ አብሮ የሚመጣ የማካካሻ ላይብረሪ ይሞላዋል። ከርነሉ የሚገነባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። የስርዓት አስተዳዳሪ ሥልጣን አይጠይቅም። የፋይሎቹ ባለቤትነትና ፈቃድ በጽሑፍ መዝገብ ላይ ሰፍሮ የዲስኩ ምስል በመጨረሻ ከመዝገቡ ይዘጋጃል። በዩኒቨርሲቲ ወይም በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሰው የማንንም ልዩ ፈቃድ ሳይጠብቅ ስርዓቱን መገንባት ይችላል።

ሌሎቹም በየራሳቸው መንገድ ተጉዘዋል። ፍሪቢኤስዲ ዛሬ ከሊኑክስና ከማክ ላይ ሊገነባ ይችላል። ሊኑክስ በበኩሉ ከ2020 አንሥቶ፣ ማለትም ከ5.7 ስሪት ጀምሮ፣ ሙሉውን የኤልኤልቪኤም መሣሪያ ስብስብ በአንድ ምርጫ ብቻ ለመጠቀም ያስችላል። የስብስቡ ኮምፓይለር ክላንግ ለብዙ ዓይነት ፕሮሰሰሮች ኮድ ማዘጋጀት ስለሚችል ለየዒላማው የተለየ ኮምፓይለር መገንባት አያስፈልግም። በ2024 ደግሞ ሊኑክስን በማክ ላይ ለመገንባት የሚያስችሉ ማሻሻያዎች ለከርነሉ ገንቢዎች ቀርበዋል።

ቨርቹዋል ማሽን እያለ ለምን?

በዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ጥያቄ አለ። በማክ ላይ ሊኑክስን በቨርቹዋል ማሽን ማስነሣት ይቻላል። ማይክሮሶፍትም በ2019 እውነተኛ የሊኑክስ ከርነል በዊንዶውስ ውስጥ የሚያሠራ አገልግሎት ይፋ አድርጓል። ታዲያ ገንቢዎች ሌሎች ስርዓቶችን በመደገፍ ተጨማሪ ሸክም ለምን ይሸከማሉ?

ሸክሙ እውነተኛ ነው። እያንዳንዱ አስተናጋጅ የሚፈትነውና የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። ማንም የማይሞክረው ድጋፍ ደግሞ ውሎ ሳያድር ይበላሻል።

በሌላ በኩል ቨርቹዋል ማሽን ሚሞሪና የዲስክ ቦታ ይሻማል። አቅም ያለው ኮምፒውተር ላለው ገንቢ ይህ ቀላል ወጪ ነው። በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢ ወይም በካምፓላ አነስተኛ ሚሞሪ ባለው ላፕቶፕ ለሚማር ወጣት ግን በመሞከርና በመተው መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

የእምነት ጥያቄ

ከምቾት የሚያልፍ ምክንያትም አለ። ኬን ቶምፕሰን በ1984 በታተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ፣ ምንጭ ኮዱ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ኮምፓይለሩ ብቻ የተበከለ ቢሆን በሚገነባው ፕሮግራም ውስጥ ስውር በር ሊያኖር እንደሚችል አሳይቷል። አደጋው በወረቀት ላይ አልቀረም። በ2020 መጨረሻ ይፋ በሆነው የሶላርዊንድስ ጥቃት ሰርጎ ገቦች ጎጂ ኮዱን ያስገቡት በኩባንያው የግንባታ ሂደት ውስጥ ነበር። ኩባንያው የተበከለውን ምርት እስከ 18 ሺህ የሚደርሱ ደንበኞች ተቀብለው ሊሆን እንደሚችል ገልጿል።

ከመከላከያዎቹ አንዱ አንድን ምንጭ ኮድ በተለያዩ ሰዎች እጅ ባሉ የተለያዩ አስተናጋጆች ላይ ገንብቶ ውጤቶቹን ባይት በባይት ማወዳደር ነው። ለዚህም ኮምፓይለሩ አንድ ዓይነት ስሪት ሊሆን፣ ቀኑ፣ የተጠቃሚው ስምና የማሽኑ ስም ደግሞ አስቀድመው ሊወሰኑ ይገባል። ውጤቶቹ ፍጹም አንድ ከሆኑ፣ አንዱ ማሽን ብቻ ተበክሎ ሳይታወቅ የመቅረቱ ዕድል ይጠባል። ከተለያዩ ደግሞ ምርመራ የሚያስፈልገው ነገር አለ ማለት ነው።

ይህ ንጽጽር የሚቻለው ግን የግንባታ መሣሪያዎቹ ከአንድ ዓይነት ማሽን በላይ መሥራት ሲችሉ ነው። በአንድ ቦታ ብቻ ሊገነባ የሚችል ከርነል ሌላ ምስክር የለውም፤ ስለ ንጽሕናው ያለው ማስረጃ የዚያ አንድ ማሽን ቃል ብቻ ይሆናል።