የማውስ ቁልፍ ተይዞ መቆየቱን የማወቂያ ዘዴ ታሪካዊ አመጣጥ

ማውስ የኮምፒዩተር ዋነኛ ማዘዣ ከሆኑት መሣሪያዎች አንዱ እንደ ሆነ ይታወቃል። ቁልፉ መጫኑን ብቻ ሳይሆን ተይዞ መቆየቱን ለይቶ ማወቅ ግን የፕሮግራም ጸሐፊዎችን ለብዙ ዓመታት ያሳሰበ ጥያቄ ነበር። ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም፣ ፕሮግራም አጻጻፍ በምን ቅደም ተከተል ቢሰጥ እንደሚበጅ ስለሚያመለክት፣ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ጠቀሜታ አለው።

የመጀመሪያውን ማውስ ዳግላስ ኤንግልባርትና ቢል ኢንግሊሽ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከእንጨት የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1964 ነበር። በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ ለጉባኤተኞች ታየ፤ በ1973 አልቶ በተባለው የዜሮክስ ኮምፒዩተር ላይ ባለ ሦስት ቁልፍ ሆኖ ሥራ ላይ ዋለ። በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ ግን አንድ ቁልፍ ብቻ ነበረው። በመሆኑም ነክቶ መልቀቅ አንድ ትርጉም፣ ይዞ መቆየት ደግሞ ሌላ ትርጉም ተሰጠው። የትዕዛዞቹ ዝርዝር የሚታየው ቁልፉ ተይዞ ሳለ ብቻ ሲሆን፣ ቁልፉ ሲለቀቅ ጠቋሚው ያረፈበት ትዕዛዝ ይፈጸም ነበር።

ችግሩ የሚመነጨው ስለ ቁልፉ ለፕሮግራሙ የሚላኩት መልእክቶች ሁለት ብቻ ከመሆናቸው ነው፤ ይኸውም «ተጫነ» እና «ተለቀቀ» የሚሉት ናቸው። በመካከሉ እጅ ካልተንቀሳቀሰ የሚነገር ነገር የለም። ነገሩ የትምህርት ቤት ደወልን ይመስላል። ደወሉ ክፍለ ጊዜው ሲጀመርና ሲያበቃ ይደወላል እንጂ «ትምህርቱ ቀጥሏል» ብሎ አይደወልም። ሁለተኛውን ደወል ያልሰማ ሰው ትምህርቱ እንዳላበቃ ይቆጥራል።

ማኪንቶሽ ለዚህ ሁለት መጠይቆችን አዘጋጅቶ ነበር። «በተን» የተባለው ቁልፉ በዚያች ቅጽበት መጫኑን ብቻ ስለሚመልስ፣ በሁለት ጥያቄዎች መካከል ተለቆ እንደገና ቢጫን ልዩነቱን አያውቅም። «ስቲል ዳውን» ግን የመልቀቅ መልእክት ተራ ይዞ መጠባበቁንም ስለሚመረምር የበለጠ አስተማማኝ ነበር። ይሁን እንጂ ሁለቱም እየደጋገሙ መጠየቅን ይሻሉ። ከ1987 ጀምሮ በመልቲፋይንደር ብዙ ፕሮግራሞች በተራ መሥራት ሲጀምሩ፣ አንዱ ቁልፍ ሲጠብቅ ሌሎቹ ቆመው ይቀሩ ነበር።

በ1985 የወጣው ዊንዶውስ የመልእክት መቀበልን ሥርዓት መሠረት ያደረገ ነው። ፕሮግራሙ «ተጫነ» ሲባል በማስታወሻው ምልክት ያኖራል፤ «ተለቀቀ» ሲባል ይሰርዛል። ምልክቱ እስካለ ድረስ ቁልፉ እንደተያዘ ይቆጠራል። ነገር ግን ተጠቃሚው ጠቋሚውን ከመስኮቱ ውጭ አድርጎ ጣቱን ቢያነሣ፣ መልእክቱ ወደ ሌላ መስኮት ይሄድና ምልክቱ ሳይሰረዝ ይቀራል። «ሴት ካፕቸር» የተባለው ትእዛዝ የተዘጋጀው የማውሱ መልእክቶች ቁልፉ እስኪለቀቅ ድረስ ለዚያው መስኮት እንዲደርሱ ለማድረግ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የፊደል ቁልፍ ተይዞ ሲቆይ ፊደሉ ስለሚደጋገም፣ ጀማሪ ተማሪ ከማውስም ይህንኑ ቢጠብቅ አያስደንቅም። መቆየት ግን መልእክት ሳይሆን በሁለት መልእክቶች መካከል ያለ ሁኔታ ነው፤ ሊታወቅ የሚችለውም ፕሮግራሙ ራሱ ሲያስታውሰው ወይም እየደጋገመ ሲጠይቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥርዓተ ትምህርቱ ሁኔታን በማስታወሻ የመያዝን ዘዴ ከመስኮትና ከሥዕል ሥራ ቢያስቀድም፣ ተማሪው ስሕተቱን ከመሣሪያው ሳይሆን ከአስተሳሰቡ መፈለግን ይለምዳል።