ከዝባድ እስከ ሳተላይት፦ የጅማን ጫካ ያዩ ዓይኖች

የጅማንና የአካባቢዋን ጫካ ብዙ ሰው አይቶታል። አብዛኛው ግን ያየው ከውስጡ የሚወጣውን ሸቀጥ እንጂ ጫካውን አይደለም።

በዚህ ጫካ የሚኖረው ጥርኝ ቀን በቁጥቋጦ ተኝቶ ይውላል፤ ማታ ወጥቶ ፍራፍሬና ነፍሳት ይለቅማል። ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት የሚገኘው ቅባት፣ ዝባድ፣ የሽቶን ጠረን አጽንቶ ስለሚያቆይ ባሕር ማዶ ድረስ ይፈለግ ነበር። ከጅማ አጠገብ በነበረው በሊሙ እናርያ መንግሥት፣ በንጉሥ አባ ባጊቦ ዘመን (1825–1861፤ እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዝባድ በቀንድ እየታጨቀ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር ወደ ሰሜን ይጓዝ ነበር። ያው ቅፍለት ሰውንም ለሽያጭ ይነዳ ነበርና የዚያን ንግድ ድምቀት ብቻ ማውራት አይገባም። ለዝባዱ ሲባል ጥርኙ በጠባብ በረት ይታሰራል። በዱር ሲኖር ግን የበላውን ፍሬ ዘር ይዞ እየዞረ፣ ኩሱን በለመደው ቦታ ስለሚጥል፣ ዛፍ ይተክላል። እኔን የሚደንቀኝ ከሽቶው ይልቅ ይህ ሥራው ነው።

በ1843 እናርያ የደረሰው ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ የአገሩን ተራሮች አቀማመጥና ከፍታ ለክቶ ካርታ ላይ አሰፈረ። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ዓይኑን ቡና ላይ ተከለ።

ቡናው ራሱ ተአምር ነው። አረቢካ የተወለደው ሁለት የዱር የቡና ዝርያዎች ያለ ሰው እጅ ተዳቅለው ነው፤ በ2024 የታተመ የዘረመል ጥናት ጊዜውን ከዛሬ 600 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ያደርሰዋል። በ1964 እና 1965 የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ልዑክ ከአገራችን ጫካዎች ዘር ሰብስቦ ወደ ብዙ አገር ላከ። በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ከሄደው ዘር የበቀሉ፣ በተፈጥሯቸው ካፌይን የሌላቸው ለማለት የሚያስደፍሩ ሦስት የቡና ዛፎች ማግኘታቸውን አስታወቁ። ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 አገራችን ሲገባም መድኃኒቱ የተገኘው ከዚሁ ብዝኃነት ነው፤ በሽታውን ተቋቁመው ከቆሙ ዛፎች ተመርጠው በጅማ መልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የተፈተኑት 74110 እና 74112 የተባሉት የቡና ዓይነቶች ዛሬም በገበሬው ማሳ አሉ። የአበባው ነገር ደግሞ ከዚህም ይደንቃል። በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በቡና አበባ ወለላ ውስጥ ያለው ጥቂት ካፌይን ንብ የአበባውን ሽታ አጥብቃ እንድታስታውስ ያደርጋታል። ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅለው በጅማ ዞን የገራ ወረዳ ንብ አናቢ ማሩን የሚቆርጠው ከዚህ ስውር ውል ነው።

ሸቀጥ ያልሆነውን ግን ቅርብ ቢሆንም የሚያየው ጥቂት ነው፤ ከጅማ ከተማ ጥግ፣ በቦዬ ረግረግ፣ ጉማሬ አለ። ይህን ስንቱ የከተማው ልጅ ሄዶ አይቷል?

ከሰማይ የሚያይ ዓይንም አለ። በታኅሣሥ 2019 ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን፣ ኢቲአርኤስኤስ-1ን፣ ከቻይና አመጠቀች። ከ1972 ጀምሮ ምድርን ፎቶ የሚያነሣው የአሜሪካው የሳተላይት መርሐ ግብር ላንድሳትም ምስሎቹን ከ2008 ወዲህ በነጻ ይሰጣል። ደቡብ ምዕራባችን ከሰማይ ሲታይ ደማቅ አረንጓዴ ነው፤ ደስ ይላል፤ ግን ያሳስታል። ከፊል ጫካ በሚባለው የቡና አመራረት ገበሬው ቡናው እንዲበዛ ሥር ያለውን ቁጥቋጦና ችግኝ ይመነጥራል፤ የጥላ ዛፎቹን አናት ግን ስለሚተው ምስሉ ብዙም አይለወጥም። ልዩነቱን ለማወቅ ጫካው ውስጥ ገብቶ ግንድ መለካት፣ ችግኝ መቁጠር ያስፈልጋል። ተመራማሪው ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ በደቡብ ምዕራቡ የያዩ ጫካ ላይ የሠሩትና በ2003 የወጣው ጥናት እንዲህ ያለ ነው፤ ያዩና ከፋ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል። ቀረሮ ከሚባለው ዛፍ ካረጀው ሥር የቀረሮ ችግኝ ከሌለ ያ ዛፍ ተተኪ የለውም፤ ሳተላይት ክፍተቱን ቢያይ እንኳ ዛፉ ከወደቀ በኋላ ነው።