የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ነርስ
በንፋስ ስልክ ላፍቶም ሆነ በሌሎቹ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች ከጤና ጣቢያ ተነስታ ቤት ለቤት የምታገለግል ባለሙያ። ፕሮግራሙ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር የመለመለው በዲፕሎማ የተመረቁ ነርሶችን ነበር፤ ተጨማሪ ሥልጠናም ሰጥቷቸዋል። ምርጫው ትክክል ነበር፤ ሥራው የሕክምና ዕውቀት ይጠይቃልና። «አዲስ ተመራቂ መጀመሪያ ሆስፒታል ገብታ እጇን ታፍታታ» የሚሉ አሉ፤ ድንገተኛ ሕመምና ቀዶ ሕክምና በእርግጥም የሚለመዱት እዚያ ነው። ይሁን እንጂ ደም ግፊት፣ ስኳርና የሳንባ ነቀርሳ ለወራት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ ክትትል ይሻሉ፤ መድኃኒቱ ለምን እንደተቋረጠ ብዙ ጊዜ የሚታወቀውም ታካሚው ቤት ሲኬድ ነው። ጀማሪዋን ግን ብቻዋን ማሰማራት አይገባም፤ ከጤና መኮንንና ልምድ ካላቸው ነርሶች ጋር የሚያሠራት የቤተሰብ ጤና ቡድን የልምድ ክፍተቷን ይሞላል።