ሁለት ደቂቃ በበሩ ፊት

የአንዲት የሰፈራችንን ልጅ ነገር ላውጋችሁ። ሰፈራችን ያልኩት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጅቱ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ አድጋለች፤ ወላጆቿ የቢሾፍቱ ሰዎች ናቸው። ትምህርት ላይ ጎበዝ ስለሆነች ዘመድ ሁሉ ሐኪም ትሆናለች ብሎ ደምድሞ ነበር። እሷም «አዎ፣ የእንስሳት ሐኪም» ስትል ቡና የሚጠጣው ሁሉ ዝም ይላል። «ምነው፣ የሰው ሐኪም ብትሆኚ?» ያላላት የለም። እሷ ግን ሐሳቧን አልቀየረችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ውሻና ድመት በሚታከምበት ክሊኒክ፣ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ በወተት ላሞች እርባታ እየሠራች ሰዓት አጠራቀመች።

ሰዓት ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ይህን ሙያ ለመማር የሚያመለክት ሰው ቪምካስ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ ላይ ከእንስሳት ሐኪም ጋር የሠራበትን ሰዓት ለብቻ፣ እንስሳ በማርባትና በመንከባከብ ያሳለፈውን ለብቻ ቆጥሮ ያስገባል። ልጅቱም መስከረም ላይ አስገባች። በረዶ መጣል ሲጀምር ከአንዱ ትምህርት ቤት የጥሪ ደብዳቤ ደረሰ፤ መጥተሽ ግቢውን ጎብኚ፣ ተማሪዎቻችንን ተዋወቂ፣ በዚያው ቀን ቃለ መጠይቅ አለሽ የሚል። እናቷ እልል አለች። ጭንቁ የመጣው ከእልልታው በኋላ ነው።

ደግነቱ የእናቷ ታላቅ ወንድም ለጥየቃ ከቢሾፍቱ መጥተው ነበር። ጋሼ ነው የምትላቸው። በ1979 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ተምረው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በየገጠሩ ከብት ያከሙ ሰው ናቸው። «እኛን ማን ጠየቀን?» አሉ። «የፈተና ውጤት መጣ፣ ምደባ ወጣ፣ ገባን።» ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

በደብዳቤው የተገለጸው አጠያየቅ እንዲህ ነው። ብዙ በር አለ፤ በየበሩ አንድ ጉዳይ የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፋል። ሁለት ደቂቃ ታነባለህ፣ ደወል ሲደወል ገብተህ ለጠያቂው ሐሳብህን ታስረዳለህ፣ ጊዜው ሲያልቅ ወደሚቀጥለው በር ታልፋለህ። ዘዴውን የጀመረው በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ነው። ሐሳቡም አንድ ጠያቂ ብቻውን ወዶ ወይም ጠልቶ እንዳይፈርድ፣ በአንዱ ክፍል የተደናገጠም በሌላው እንዲካስ ነው። እኔ ፍትሐዊ ነው እላለሁ።

ጋሼ የመኝታ ቤቱን በር ፈተና አደረጉት። ወረቀት ለጠፉበት፣ የስልካቸውን ደወል ሞሉ፣ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቡና ልጠጣ ገብቼ ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን ይህን ሙያ መረጥሽ?» የሚል ነበር። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ፣ እጆቿን አጣምራ፣ የሸመደደችውን አነበነበች፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንስሳት እወዳለሁ እያለች።

«የኔ ልጅ» አሏት ጋሼ፣ «እንስሳ የማይወድማ እዚያ አይሄድም። አንቺ ምን አየሽ?»

ዝም አለች። ዝምታዋ ይገባኛል። እኛ ቤት ያደገ ልጅ ስለ ራሱ ማውራት ነውር ነው ተብሎ፣ በታላቅ ፊት ቀና ብሎ ማየት ድፍረት ነው ተብሎ ነው የሚያድገው። ያ አስተዳደግ ክብር አለው፤ ልጆቻችን እንዲጥሉት አልፈልግም። ነገር ግን በስምንት ደቂቃ ውስጥ የሚያውቃት ጠያቂ ከዝምታዋ ምን ሊረዳ ይችላል? ጋሼ መላ አገኙ። «ራስሽን አታወድሺ። ያየሽውን መስክሪ። ምስክርነት ትዕቢት የለበትም።»

ይኼኔ ስለ አንድ ቡችላ ጀመረች። ፓርቮ የሚባል በሽታ ይዞታል። ያስመልሰዋል፣ ተቅማጡ ደም አለበት፤ ድዱን በጣቷ ስትነካው ከመድረቁ የተነሳ ይጣበቃል። በደም ሥሩ ፈሳሽ ተሰክቶለት ለቀናት መተኛት አለበት። ባለቤቱ ወጣት ልጅ ነው፤ ክፍያውን ሲሰማ ስልኩን አውጥቶ የባንክ ሂሳቡን አየ፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፍቶ አየ። ሐኪሟ ከጠረጴዛው ዞር ብላ አጠገቡ ተቀመጠች። «ዛሬ ስንት ትችላለህ?» ብላ ጠይቃው ንግግሯን ከዚያ ጀመረች። ተኝቶ የሚታከምበትን፣ ቤት እያደረ በየቀኑ እየተመላለሰ የሚታከምበትን፣ ሁለቱም ካልሆኑ ደግሞ ሳይሰቃይ እንዲሞት ማድረግም እንዳለ ሳትደብቅ ነገረችው። ልጅቱ ይህን ስትናገር አንገቷ መቼ ቀና እንዳለ አላስተዋልኩም።

ጋሼም የራሳቸውን ነገሯት። «አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ነው የሚያርሰው። በሬው በእርሻ ወቅት ከታመመ የሚቸገረው ሁለት ቤት ነው። ቴርሞሜትሬን ሳላወጣ መቀናጆህ ማን ነው ብዬ እጠይቅ ነበር።»

በሁለተኛው ወረቀት ላይ የእንስሳት ሐኪም ለሰው ጤና ምን ይሠራል የሚል ተጽፏል። ልጅቱ የእብድ ውሻ በሽታን አነሳች፤ ጥሩ መልስ ነው። ጋሼ ግን ደስታ የሚባለውን የከብት ወረርሽኝ ሰምታ እንደሆነ ጠየቋት። አልሰማችም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሪቱን ከብት እንደፈጀ፣ በሬ በመጥፋቱ እርሻው ጦም አድሮ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ እንደመጣ አወሩላት። በ1761 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሊዮን የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሲቋቋምም አውሮፓን ያስጨነቃት ይኸው የከብት እልቂት ነበር። በክትባት ተሳዶ፣ ተሳዶ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። ዝም ብዬ ሳዳምጥ አፈርኩ። በሬ ሲያልቅ ሰው ያለቀበት አገር ልጆች ሆነን፣ ይህቺን ልጅ የሰው ሐኪም ብትሆኚ ስንላት ኖረናል።

የቀረው ቀላል ነው። ማመልከቻዋን እንደገና አነበበች፤ የጻፈችውን ሁሉ ሊጠይቋት ይችላሉና። የትምህርት ቤቱን ሆስፒታል በእግር ስለሚያስጎበኙ እናቷ የገዛችላት ባለተረከዝ ጫማ ቀርቶ ዝርግ ጫማ ተመረጠ።

የሄደች ዕለት ማታ ደወለች። እናቷ «ምን ጠየቁሽ?» ስትላት «እማዬ፣ ጥያቄውን ላልናገር ፈርሜያለሁ» አለች። ጋሼ ስልኩን ተቀበሉና «አንቺስ ምን ጠየቅሻቸው?» አሉ። ይህን መናገር አልተከለከለችም። ተማሪዎቹን ስለ ዕዳ ጠይቃለች። እዚህ አገር ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ተበድረው የሚመረቁ ብዙ ናቸውና ቤተሰቡ አስቀድሞ ሊመክርበት ይገባል። ከአንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪ ጋርም ገጠር እየወጡ ላም ስለሚያክሙት ቡድን ብዙ አውርታለች።

ውጤቱ ገና አልመጣም። ከተቀበሏት እስከ አፕሪል 15 ትወስናለች፤ ካልተቀበሏት መስከረም ላይ እንደገና ታመለክታለች፣ እንዲህ አድርገው የገቡ ብዙ ናቸው። እስከዚያው ጋሼ የአሜሪካ ላም እንዴት እንደምትታለብ ማየት ስለፈለጉ፣ ከመመለሳቸው በፊት ወደ እርባታው ትወስዳቸዋለች።