«ላ ዲስፔራታ» የተባለው የአየር ስኳድሮንና የዋግ ምድር

በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ከበረሩት የኢጣልያ ቦምብ ጣይ ስኳድሮኖች ሁሉ ስሙ የገነነው 15ኛው ነው። መጠሪያው «ላ ዲስፔራታ» ሲሆን፥ ትርጓሜውም «ተስፋ የቈረጠችው» ማለት ነው፤ ስሙ የተወሰደው በፊሬንዜ ከተማ ከነበረ የፋሺስት ደብዳቢዎች ቡድን ነው። አዛዡ የሙሶሊኒ አማች ካውንት ጋሌያሶ ቺያኖ ነበረ። ቺያኖ ወደ ጦርነቱ የመጣው ከፕሬስና ፕሮፓጋንዳ ሚኒስትርነቱ ስለ ሆነ፥ የስኳድሮኑ ዝና ከየት እንደ መነጨ መገመት አያስቸግርም።

እነዚህ ሰዎች ባለ ሦስት ሞተር ካፕሮኒ አይሮፕላኖቻቸውን ይዘው ከአሥመራ እየተነሡ፥ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐድዋን ከደበደቡት መካከል ሆኑ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ የነበሯት አይሮፕላኖች 13 ያህል ብቻ ሲሆኑ፥ እነርሱም ለመልእክትና ለሰው ማመላለሻ እንጂ ለውጊያ የሚበቁ አልነበሩም። እንግዲህ በአየር ላይ የሚገጥም ጠላት በሌለበት የተገኘ ጀግንነት ነው፤ ጀግንነት ከተባለ። ከጓዶቹ አንዱ ሮቤርቶ ፋሪናቺ፥ ደሴ አጠገብ ካለ ሐይቅ በእጅ ቦምብ ዓሣ ሊያጠምድ ሲሞክር እጁ ቢቈረጥ፥ እንደ ጦር ሜዳ ቍስል ተቈጠረለት።

አሁን ነገሩን ከምድር ሆነን እንመልከተው። ከሰቆጣ በስተ ምሥራቅ የምትገኘው ኮረም በዚያ ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈር ነበረች። የካቲት 25 ቀን በአካባቢው ተተክሎ የነበረው የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ሆስፒታል ምልክቱ እየታየ በቦምብ ተደበደበ። ከማይጨው ውጊያ በኋላም ወደ ኮረም የሚያፈገፍገው ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ቦምብና የመርዝ ጢስ ወረደበት። ከታች ላለው ሰው የትኛው ስኳድሮን የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ አይቻለውም፤ የሚያውቀው ድምፁን ነው።

ቺያኖ በሰኔ 1928 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። በዋግ ግን ጦርነቱ አላለቀም ነበር። የዋግ ሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1929 ዓ.ም. ክረምት በዋግና በላስታ ሕዝቡን አስነሡ፤ አይሮፕላኖቹም ተመልሰው መጡ። ደጃዝማች ኃይሉ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቈርጦ በሰቆጣና በኮረም አደባባይ ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ። ከስኳድሮኑ ጋር የበረረው አሌሳንድሮ ፓቮሊኒ «ዲስፔራታ» የሚለውን መጽሐፉን በፊሬንዜ ያሳተመው በዚያው በፈረንጆች 1937 ዓ.ም. ነው።